ዓይን ሲጠዘጥዝ፦ መንስኤውን ለመለየትና የዓይን ደም ሥርን ለመጠበቅ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ከደሴ እስከ ቆቦ፣ ከባቲ እስከ መካነ ሰላም፣ ዓይኑን ያመመው ሰው መንገዱ ያው ነው። መጀመሪያ ጎረቤት ቤት የተረፈ ጠብታ ያፈላልጋል። ካጣ መድኃኒት ቤት ገብቶ «ለዓይን የሚሆን ስጡኝ» ይላል። ካልተሻለው የገበያ ቀን ጠብቆ ጤና ጣቢያ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ አንዳንዱ በሽታ ሊታከም የሚችልበት ሰዓት አልፏል። የሁለተኛው ስሕተት አካሄድ ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው «ዓይኔን አያመኝም» እያለ ሳይመረመር ዓመታት ይቆያል።

ሁለቱም ስሕተቶች የሚመነጩት ሕመም የአደጋ መለኪያ ነው ከሚል እምነት ነው። በዓይን ላይ ይህ አያስኬድም። ጥቁሩን የዓይን ክፍል ከፊት የሸፈነው ጥርት ያለ መስተዋት በነርቭ የተሞላ ስለሆነ ኢምንት ጉድፍ ጎልማሳውን ታስለቅሳለች። ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል፣ ሬቲና፣ ግን ሕመም የሚሰማበት ነርቭ የለውም። ደም ሥሩ ሲያፈስም ሲደፈንም ባለቤቱ አያውቅም። ስለዚህ ከደረጃ 1 እስከ 6 ስለሚያምም ዓይን ነው፤ ደረጃ 7 ስለማያምመው ደም ሥር ነው። አሁን ዓይናችሁን የማያማችሁ ከሆነ ከደረጃ 7 ጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ኬሚካል ወይም የቁልቋል ወተት ገብቶ ከሆነ አሁኑኑ እጠቡ

ኖራ፣ ሲሚንቶ፣ በረኪና፣ የባትሪ አሲድ፣ የተባይ ማጥፊያ ወይም የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ቀሪውን ጽሑፍ ተዉትና ወደ ውሃ ሩጡ።

1. የተጎዳው ዓይን ከታች እንዲሆን አንገታችሁን አዘንብሉ፤ እጣቢው ወደ ጤነኛው ዓይን እንዳይፈስ።
2. ሌላ ሰው የላይኛውንና የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣቱ ይክፈት። ዓይኑ በራሱ አይከፈትም፤ አትጠብቁት።
3. የምትጠጡትን ውሃ በጆግ ወይም በጣሳ ሳታቋርጡ አፍስሱ፤ ቢያንስ 30 ደቂቃ። ሰዓት ያዙ። ሰው በግምት ሲያጥብ ሁልጊዜ ቶሎ ያቆማል።
4. የኖራ ወይም የሲሚንቶ ፍርፋሪ ከቆቡ ሥር ከታየ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጫፍ አውጡትና ማጠቡን ቀጥሉ።
5. ሕመሙ ቢቀልም በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ሂዱ።

ለማርከስ ብላችሁ ሎሚ፣ ሆምጣጤ ወይም ወተት አትጨምሩ። ኖራና ሲሚንቶ ከአሲድ ይልቅ ወደ ውስጥ ዘልቀው ይበላሉ፤ ቤት ለመቀባት ኖራ የምታሟሙ ሰዎች ይህን አትርሱ። የቁልቋል ወተት ደግሞ ጉዳቱ ወዲያው አያበቃም፤ አጥር ሲቆርጥ የነካው ሰው ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊብስበት ይችላል።

ደረጃ 2፦ ዛሬ መሄድ ያለበትን ለዩ

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ቤት ውስጥ ምንም አትሞክሩ፤ ነገን አትጠብቁ።

• ዕይታ በድንገት ከቀነሰ ወይም ከጠፋ፣ ቢያምም ባያምም። ለጥቂት ደቂቃ ጠፍቶ ቢመለስም ይቆጠራል፤ ስትሮክ ሊከተል እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ነው።
• ድንገት የሚታዩ ብልጭታዎች፣ ብዙ ጥቁር ነጠብጣቦች፣ ወይም ከአንድ ጎን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ።
• ጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ የወጣ ነጭ ነጥብ ወይም ጭጋግ።
• ብረት ሲቀጠቀጥ ወይም ሲሞረድ፣ ድንጋይ ሲፈለጥ ፈንጥሮ የገባ ነገር። ቀዳዳው ላይታይ ይችላል።
• የቆቡ እብጠትና ቅላት ከትኩሳት ጋር፣ በተለይ ዓይኑ ወደ ውጭ ከገፋ ወይም አልንቀሳቀስ ካለ። ሕፃን ላይ ከሆነ ይበልጥ ፍጠኑ።
• የሞራ ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ በቀናት ውስጥ የሚመጣ ሕመምና የዕይታ መቀነስ።
• ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ሰው ላይ አዲስ የራስ ምታት፣ ከጆሮ በላይ ያለው ቦታ ሲነካ ማመም፣ ሲያኝኩ መንጋጋ መድከም። ይህ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላል፤ ካልታከመ ዕይታ ይነጥቃል።
• ነፍሰ ጡር ላይ ከባድ ራስ ምታት፣ ብዥታ ወይም የብልጭታ ስሜት።
• ከተወለደ አንድ ወር ባልሞላው ሕፃን ዓይን ላይ የሚወጣ መግል።

ከእነዚህ ሌላ አንዱን ለብቻው ላስፋው፤ ብዙ ሰው የሚስተው እርሱን ነውና። ምሽት ላይ የአንዲት እናት አንድ ዓይን በኃይል መጠዝጠዝ ይጀምራል፤ ሕመሙ ወደ ግንባርና ግማሽ ራስ ይወጣል፤ አምፖል ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታያል፤ ከዚያ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ይከተላል። ቤተሰቡ «የበላችው ነው» ብሎ የጨጓራ ሽሮፕ ይሰጣል፤ ጤና ጣቢያም ስትደርስ ስለ ሆዷ ብቻ ትጠየቃለች። ይህ በድንገት የሚነሳ የግላኮማ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የዓይን ውስጥ ግፊት በተለመደው ሁኔታ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ እዚህ ላይ ከዚያ እጥፍና ከዚያም በላይ ይወጣል፤ በሰዓታት ውስጥም የዕይታ ነርቭን ሊገድል ይችላል። በዕድሜ ገፋ ባሉ ሴቶች ላይ ይበዛል። የሚያስታውከውን ሰው የምታደርሱት እናንተ ከሆናችሁ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ዓይኗን ነው» ይሁን። ጨለማ ክፍል ውስጥ አታስተኟት፤ ጨለማ ብሌንን ያሰፋል፣ የሰፋ ብሌንም ነገሩን ያብሳል።

የት ይኬዳል? ለደሴ አካባቢ በዓይን ሕክምናው የሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። ከሩቅ ወረዳ ከሆናችሁ በቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መጀመሪያ አይቶ ይልካችኋል። ከፍ ያለ ሕክምና ካስፈለገ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና የአዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አሉ።

ደረጃ 3፦ ከመንካታችሁ በፊት ተዘጋጁ፣ ዕይታችሁን ለኩ

ሳሙናና ንጹሕ ውሃ፣ መስታወት፣ የስልክ መብራት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርቡ። ኩል ካለ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ እስኪሻላችሁ አትኳሉ፤ የኩሉን እንጨትም ለእኅት ለጎረቤት አታውሱ። አንዳንዱ ኩል እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ስላለበት ለሕፃን ጨርሶ አይደረግም።

ቀጥሎ ዕይታ ይለካል። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል፤ ለሐኪሙ ግን ከሁሉም የሚበልጠው መረጃ ይህ ነው።

1. ከግድግዳ ካሌንደር 3 ሜትር ያህል ራቁ። የርቀት መነጽር ካላችሁ አድርጉት።
2. አንዱን ዓይን በመዳፍ ሸፍኑ። በጣት አትጫኑት፤ የተጫነ ዓይን ለጥቂት ጊዜ ይደበዝዝና ያሳስታችኋል።
3. በሌላው ዓይን የሚነበበውን ትንሹን ጽሑፍ መዝግቡ። ማንበብ የማይችል ሰው በዚያው ርቀት ጣት ይቁጠር።
4. ዓይን ቀይሩና ድገሙ።
5. በእያንዳንዱ ዓይን የበሩን መቃን ተመልከቱ። ቀጥ ያለው መስመር ከታጠፈ ወይም መሐሉ ከጎደለ ጻፉት።

በሁለት ዓይን አይቶ «ደህና ነው» ማለት ዋጋ የለውም። አንዱ ሲደክም ሌላው ሥራውን ደርቦ ይሠራለታል፤ ሰው አንድ ዓይኑ መጥፋቱን በአጋጣሚ የሚያውቀው ለዚህ ነው። የታመመው ዓይን ከወትሮው በግልጽ ካነሰ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ፤ ዛሬ ሂዱ።

ደረጃ 4፦ ሕመሙ ምን እንደሚመስል ጠይቁ

በሽታውን ለይታችሁ እንድትጨርሱት አይደለም፤ ቤት የሚታገሠውን ከማይታገሠው እንድትለዩ ነው።

*«ይቆረቁረኛል፣ አሸዋ የገባበት ይመስላል»*

ችግሩ በአብዛኛው ከላይ ነው። ጉድፍ፣ ድርቀት፣ የማገዶና የኩበት ጭስ፣ የአውድማ እብቅ፣ የበለስ እሾህ። በለስ ላይ ያሉት ፀጉር መሰል እሾሆች በዓይን የማይታዩ ስለሆኑ በእጥበት ካልወጡ ባለሙያ በማጉያ ያውጣቸው።

በዕድሜ የገፉ እናቶች ለዓመታት የሚቆረቁራቸውና እንባ የሚያፈሳቸው ከሆነ ቆቡን በብርሃን ተመልከቱ። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ጥቁሩን ክፍል የሚፍቅ ከሆነ ትራኮማ ያስከተለው ጠባሳ ነው፤ አካባቢያችን ይህ በሽታ ክፉኛ ካጠቃቸው አንዱ ነው። በወረንጦ መንቀል ለሳምንታት ያሳርፋል፤ ተመልሶ የሚበቅለው ጉቶ ግን ይበልጥ ይወጋል። መድኃኒቱ አጭር የቆብ ቀዶ ሕክምና ነው፤ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ባሉባቸው ጤና ጣቢያዎች ይሠራል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠይቁ፤ ቀጣዩ ዘመቻ መቼ እንደሆነ ታውቃለች።

የማሽላ ቅጠል ወይም የጤፍ ገለባ ዓይኑን የጫረው ሰው ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ይህ ቀስ ብሎ የሚገባና ለማዳን የሚያስቸግር ቁስል ነው። በተራ ቅባት አትጠብቁት።

*«ቀን ብየዳ ነበርኩ፣ ሌሊት አቃጠለኝ»*

በኮምቦልቻ ጋራዦች አካባቢ ይህን የማያውቅ የለም። የብየዳው ብርሃን የዓይኑን ገጽ ያቃጥለዋል፤ ሕመሙ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይድናል። የማደንዘዣ ጠብታ ወደ ቤት አትውሰዱ፤ ሕመሙን ያጠፋል፣ ቁስሉንም እንዳይድን ያደርጋል።

*«ብርሃን አልችልም፣ ውስጡን ይጠዘጥዘኛል»*

የዓይኑ ቅላት በጥቁሩ ክፍል ዙሪያ እንደ ቀለበት ከሆነ፣ አር ከሌለው፣ ዕይታም ከደበዘዘ የዓይን ውስጥ ብግነት ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ መታየት አለበት። ሲዘገይ ብሌኑ ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር ይጣበቃል፣ ግላኮማና ሞራም ያስከትላል።

*«እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ወደ ቅንድብና ወደ መንጋጋ ይወጣል»*

ዓይኑ ሲነካ የሚያምም ጥልቅ ሕመም ከሆነ የነጩ ክፍል ግድግዳ ብግነት ይጠረጠራል። የመገጣጠሚያ ሕመም ካለባችሁ አብራችሁ ተናገሩ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ዘመድ ናቸው።

*«ዓይኔን ሳንቀሳቅስ ያመኛል፣ ቀይ ቀለም ደብዝዞብኛል»*

የዕይታ ነርቭ ብግነት ሊሆን ይችላል። ከውጭ ዓይኑ ጤነኛ ስለሚመስል «ምንም የለብህም» ተብለው የሚመለሱ አሉ። የአንዱን ዓይን ቀለም ከሌላው ጋር አወዳድራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

*«ምች መቶኝ ነበር፣ ከዚያ ዓይኔ ታመመ»*

ከንፈር ላይ የውሃ ቋጠሮ የሚያወጣው ቫይረስ ዓይንም ይይዛል። ግንባር ላይ በአንድ ጎን ብቻ የሚወጣው አልማዝ ባለጭራም እንዲሁ፤ አፍንጫ ጫፍ ላይ ቋጠሮ ከወጣ ዓይኑ የመነካቱ ዕድል ከፍ ይላል። የቫይረስ መድኃኒቱ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ወጣት ላይ አልማዝ ባለጭራ ከወጣ የኤች አይ ቪ ምርመራም ይደረግ። ዳማከሴውን ለሽታው ማሽተት ሌላ ነገር ነው፤ ጭማቂውን ዓይን ውስጥ ግን አታንጠባጥቡ።

*«ስጎነበስ ይከብደኛል»፣ «ግማሽ ራሴን ነው»*

ጉንጭና ግንባር ሲጫኑት የሚያምም ከሆነ፣ አፍንጫም ከታፈነ ሳይነስ ነው። በልብ ምት ልክ የሚመታና ድምፅና ብርሃን የሚያስጠላ ከሆነ ማይግሬን ይመስላል። ሁለቱም ዓይን ዙሪያ ይሰማሉ እንጂ ከዓይን አይነሱም።

*«ማታ ስሠራ ከዋልኩ በኋላ ብቻ»*

ስልክ፣ ስፌት፣ ንባብ። ዕድሜው 40 ካለፈ መርፌ ለማስገባት ክሩን አርቆ የሚይዝ ሰው የሚያስፈልገው የንባብ መነጽር ነው፤ ጠብታ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ቤት የሚሠራው

*ጉድፍ ለማውጣት*

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በርበሬ ከነካችሁ ሁለት ጊዜ ታጠቡ፤ ይህን የረሳ ሰው አንድ የነበረውን ችግር ሁለት ያደርጋል።
2. ዓይናችሁን አትሹ። ደጋግማችሁ አርገብግቡ፤ እንባ ብዙውን ያወጣል።
3. ካልወጣ የታችኛውን ቆብ ስባችሁ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ አፍስሱ።
4. ጉድፉ ነጩ ክፍል ላይ ከታየ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጫፍ አንሡት።
5. ጥቁሩ ክፍል ላይ ከሆነ አትንኩት። በምላስም፣ በሻርፕ ጫፍም፣ በክብሪት እንጨትም አይሞከርም።

ወጥቶም መቆርቆሩ ከቀጠለ ጭረት ቀርቷል ማለት ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተሻለ ሂዱ። የተሰካ ነገር ከሆነ አትንቀሉት፤ ሳትጫኑት በስኒ ዓይነት ጠንካራ ሽፋን ከልላችሁ ሂዱ።

*ለድርቀት፣ ለጭስና ለድካም*

ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በተዘጉ ቆቦች ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አድርጉ። በየ20 ደቂቃው ሥራችሁን አቁማችሁ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሴኮንድ ተመልከቱ። ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ ሊገዛ የሚችለው ሰው ሠራሽ እንባ ነው። ምድጃውን ወደ መስኮት ወይም ወደ በር አስጠጉ፤ ጭስ ማውጫ መሥራት ከማንኛውም ጠብታ ይበልጣል። ደጋ ላይ የፀሐይ ጨረሩ ይበረታል፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አደገኛው ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ደላንታ ላይ ቀኑን በእርሻ የሚውል ሰው ባርኔጣ ያድርግ።

*ለሕመም*

አዋቂ ሰው ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል 1 ወይም 2 ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ሳይጠይቅ አይውሰድ። ሕመሙ ከዚህ በላይ የሚፈልግ ከሆነ ቦታው ሕክምና ቤት ነው።

*ዓይን ውስጥ የማይገቡ*

የጡት ወተት፣ ሽንት፣ ማር፣ ጤና አዳም፣ የሻይ ቅጠል፣ ስኳር። ቅንድብ መብጣትም አይደረግም። ጠበሉንም ዱዓውንም የሚከለክላችሁ የለም፤ ሕክምናውን ግን አያዘግዩት፣ ለብዙ ሰው ከተነካካ ዕቃም ዓይን ውስጥ ምንም አታፍስሱ።

ደረጃ 6፦ ጠብታውን በትክክል አድርጉ

ከመግዛታችሁ በፊት ማሸጊያውን አስነብቡ። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ካለበት ያለ ዓይን ባለሙያ ትእዛዝ አትጠቀሙ። እነዚህ ቅላቱን በአንድ ሌሊት ስለሚያጠፉ ሰው ይወዳቸዋል፤ ቫይረስና ፈንገስ ግን በእነርሱ ሥር ይፋፋማል፣ ለሳምንታት ሲወሰዱም የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ ሞራም ሊመጣ ይችላል። በየዓመቱ ዓይናቸው የሚያሳክካቸው ልጆች ወላጆች ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ባዶ ጠርሙሱን እያሳዩ ደግሞ ማስገዛት የልጁን ዓይን ሊያሳጣ ይችላል። ዓይን ያነጣሉ የሚባሉት ጠብታዎችም ሲተዉ ቅላቱን ብሰው ይመልሱታል።

1. እጅ ታጠቡ፣ ቀና በሉ፣ የታችኛውን ቆብ ሳቡ።
2. አንድ ጠብታ ብቻ። የጠርሙሱ ጫፍ ሽፋሽፍት አይንካ።
3. ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ በጣት ያዙ።
4. ሁለተኛ ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ቅባት ከሆነ መጨረሻ ይደረጋል።
5. የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ፤ አብዛኛው ጠብታ ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣላል።

ጠብታው ጉንጭ ላይ ከፈሰሰ ድገሙት። ካደረጋችሁት በኋላ ቆቡ ካበጠ ወይም ሕመሙ ከባሰ አቁሙና ጠርሙሱን ይዛችሁ ተመለሱ።

ደረጃ 7፦ የማያምመውን ደም ሥር ጠብቁ

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ነጩ ክፍል ላይ በመስታወት የሚታዩት ቀያይ ክሮች አይደሉም የሚያሰጉት። ሲያስል ወይም ከባድ ነገር ሲያነሳ ነጩ ላይ እንደ ደም የፈሰሰበት ሰው ይደነግጣል፤ ካላመመውና ዕይታው ካልተነካ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱ ይጠፋል። ደም ግፊቱን ግን ይለካ። የሚያሰጉት ከኋላ ያሉት የሬቲና ደም ሥሮች ናቸው። ስኳር ሲያሳሳቸው ያፈሳሉ፤ በኋላም ደካማ አዲስ ሥሮች በቅለው ይደማሉ። ደም ግፊት ያጠባቸዋል፣ ይደፍናቸዋልም። ዝምታቸው የሚሰበረው ዘግይቶ ነው፤ የተደፈነ ደም ሥር ወይም ያልታከመ ስኳር ከወራት በኋላ ከባድ ሕመም ያለው የግላኮማ ዓይነት ያመጣል። ያን ጊዜ ዓይኑ ያምማል፤ ዕይታው ግን ብዙውን ጊዜ ሄዷል።

*ሀ. ደም ግፊትን በትክክል ለኩ*

1. ከመለካቱ በፊት ባለው 30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራ፣ ጫትና ሩጫ አይኑር። ሽንታችሁን ሽኑ። ዳገት ወጥታችሁ ከደረሳችሁ አትለኩ።
2. ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ረግጦ ሳይጣመር፣ 5 ደቂቃ በዝምታ ተቀመጡ።
3. ክንድ ባዶ ሆኖ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። የጋቢና የሹራብ እጅጌ ላይ የተለካ ቁጥር አይታመንም።
4. ሁለት ጊዜ ለኩ፣ በመካከሉ 1 ደቂቃ ጠብቁ፣ ሁለቱንም ጻፉ።

በተለያዩ ቀናት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ጀምሩ። 180/120 ከደረሰና ብዥታ፣ የደረት ሕመም ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ። መድኃኒት የተጀመረለት ሰው «ተሻለኝ» ብሎ አያቁም፤ ቁጥሩ የወረደው በመድኃኒቱ ነው። ነጭ ሽንኩርት መብላት ጥሩ ነው፤ ክኒኑን ግን አይተካም።

*ለ. ስኳራችሁን እወቁ*

ከ8 ሰዓት በላይ ሳይበሉ የተለካ የደም ስኳር 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና በላይ ከሆነ፣ በሌላ ቀንም ከተደገመ የስኳር በሽታ ነው። በዕድሜ የሚመጣው የስኳር ዓይነት የያዘው ሰው ዓይኑን መታየት ያለበት በሽታው በታወቀበት ወቅት ነው፤ ምክንያቱም ከመታወቁ በፊት ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። በልጅነት የጀመረው ደግሞ በሽታው ከጀመረ 5 ዓመት ሳይሞላው። ከዚያ በየዓመቱ፣ ሐኪሙ ካላቀረበው በስተቀር። ስኳር ያለባት ሴት ከፀነሰች በመጀመሪያዎቹ ወራት ትታይ። በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም የምትጾሙ ከሆነ የመድኃኒቱን ሰዓት ጾሙ ሳይገባ ከሐኪማችሁ ጋር አስተካክሉ፤ በራሳችሁ አትዝለሉ።

*ሐ. ብሌኑን አስፍተው ይዩላችሁ*

«ዓይኔ ተመርምሯል፣ መነጽር ሰጡኝ» ማለት ሬቲና ታይቷል ማለት አይደለም። በግልጽ ጠይቁ፦ «ስኳር አለብኝ፤ በጠብታ አስፍታችሁ የኋላውን ደም ሥር እዩልኝ።» ከጠብታው በኋላ ለሰዓታት ብዥታ አለ። አጃቢና ባርኔጣ ያዙ። ባጃጅ ወይም ሞተር የምትነዱ በዚያ ቀን አትንዱ፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ደብዛዛ ዓይን አይምርም። አምፖል ዙሪያ ቀስተ ደመና አይታችሁ የምታውቁ ከሆነ ጠብታው ሳይደረግ ተናገሩ። ጉዳት ከተገኘ ሌዘር ወይም የዓይን ውስጥ መርፌ አለ። ዋና ዓላማቸው የቀረውን ማትረፍ ነው፤ የጠፋውን ሁሉ አይመልሱም።

*መ. የየቀኑ*

ጨው በቀን ለአንድ ሰው በጠቅላላው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ትንሽ የሻይ ማንኪያ በታች ይሁን። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ የገባው ጨው ይቆጠራል፤ ወጡ ላይ ደግማችሁ አትጨምሩ። ሲጋራ ተዉ። ጫት ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ በርጫው ለማኅበራዊ ኑሮ ያለውን ቦታ አውቃለሁ፤ ግፊት ላለበት ሰው ግን ልል የምችለው ይቅርብህ ነው። አረቄንም ቀንሱ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል፤ ዳገት በማያጣ አገር ለዚህ ክፍያ የለም። ጎመን፣ ካሮት፣ ፓፓያና እንቁላል ለዓይን ይጠቅማሉ፤ የተደፈነ ደም ሥር ግን አይከፍቱም።

ደረጃ 8፦ ወደ ሕክምና ስትሄዱ

የሚያዝ፦ ያደረጋችሁት ጠብታና ክኒን ሁሉ ከነማሸጊያው፣ የጻፋችሁት ዕይታና የግፊት ቁጥር፣ መነጽራችሁ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያና የሪፈር ወረቀት። በሽታው ድንገተኛ ከሆነ ግን ወረቀት ፍለጋ አትዘግዩ።

የሚነገር፦ የትኛው ዓይን፣ መቼና ምን ስትሠሩ እንደጀመረ፣ ዕይታ መቀነሱ ወይም አለመቀነሱ፣ ምን እንዳደረጋችሁበት። የአገር መድኃኒት ተጠቅማችሁ ከሆነ አትደብቁ፤ የሚደበቀው ነገር ሕክምናውን ያሳስታል። ባለሙያው በባትሪ ብቻ አይቶ ቅባት ከሰጠና በሁለት ቀን ካልተሻላችሁ ያንኑ ቅባት አትጨርሱ፤ ተመልሳችሁ ወደ ዓይን ክፍል እንዲልካችሁ ጠይቁ።

ከመውጣታችሁ በፊት ጠብታው በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን እንደሆነና የሚቀጥለውን ቀጠሮ ካርዱ ላይ አስጽፉ። የግላኮማ ጠብታ የታዘዘለት ሰው ጠርሙሱ ሲያልቅ እንዳያቋርጥ ቀጣዩን አስቀድሞ ይግዛ። ስኳር ያለበት ሰው ቀጠሮ ባይሰጠውም ከ12 ወር በፊት ይመለስ።